ከነጩ ድንጋይ በታች

እግሬ አያርፍም ነበር። «አንተ ልጅ፣ እሳት ላይ ነው እንዴ የተቀመጥከው?» ትለኝ ነበር እናቴ። እውነቷን ነው። ሃያ ዓመት የሞላኝ ጊዜ ቢቸና እንዳለች ጠበበችኝ። ጠዋት ተነሥቼ እስከ ገበያው ዳር እሄዳለሁ፤ እዚያ ደርሼ ምንም ጉዳይ ስለሌለኝ እመለሳለሁ፤ ተመልሼም ደጃፍ ላይ ቆሜ በደጀን በኩል የሚመጣ መኪና እንዳለ አያለሁ። ስምንተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ እንግሊዝኛ እችላለሁ። እሺ፣ ታዲያ እንግሊዝኛዬን ማንን ላናግርበት? የአባቴን በሬዎች?

ስለዚህ ፈረንጆች ዓባይን ሊለኩ መጡ ሲባል፣ ከከተማው ሰው ሁሉ ቀድሜ ድንኳናቸው በር ላይ የተገኘሁት እኔ ነኝ። በጃንሆይ ዘመን ነው። ዓመቱን በትክክል ተናገር ብባል እሳሳታለሁና ይቅር። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ ድንኳን ተክለዋል፣ ጂፕ አቁመዋል፤ አንዳንድ ቀንም አቧራውን እያስነሣች ሄሊኮፕተር ትወርድላቸዋለች። አለቃቸው ፊቱ በፀሐይ የተላጠ፣ ረጅም፣ ብዙ የማይናገር መሐንዲስ ነበር። ሁለት ሦስት ነገር በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ፤ መለስኩለት፤ በማግስቱ ካኪ ጃኬት ተሰጠኝና አስተርጓሚ ሆንኩ። አቤት ያቺ ጃኬት! አራት ኪስ ነበራት። ኪሶቹ ባዶ ቢሆኑም እጄን ከትቼ ስሄድ እኩሌታ መንግሥት የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ግድቡ የሚሠራው እኛ ጋ አይደለም። ወንዙን ተከትሎ ቁልቁል ብዙ ቀን የሚያስኬድ ቦታ ላይ ነው ይሉ ነበር። ነገር ግን ወንዙ እዚያ ታች ከተዘጋ ውሃው መሄጃ ያጣና እየተጠራቀመ፣ ሸለቆውን እየሞላ፣ ወደ ኋላ ወደ እኛ ቆላ ይመለሳል። መሐንዲሱ ይኼን ያስረዳኝ በእንጨት አፈር ላይ እየሳለ ነው። ገባኝ። ያልገባኝም ነገር ነበረበት፤ ግን «ገብቶኛል» አልኩ። ያን ጊዜ አልገባኝም ማለት ለእኔ ጃኬቷን አውልቆ እንደ መመለስ ነበር።

ለቆላው ሰው መንገር ደግሞ የእኔ ሥራ ሆነ። ሰው ሳቀብኝ። «ዓባይ ሽቅብ ሊወጣ?» አሉኝ አንድ ሽማግሌ። «አንተ ልጅ፣ የፈረንጅ ቆርቆሮ ውስጥ ያለ ሥጋ በልተህ ነው?» ሌላው ደግሞ ሳይስቅ እግሬን እግሬን ያይ ነበር። ቃላድ ሊጥሉብን ነው፣ መሬታችንን ለክተው ሊወስዱብን ነው የሚል ሥጋት በሁሉም ሆድ ውስጥ ነበር። እኔም እነሱ ባልሳቁ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር፤ ሲፈሩኝ የተከበርኩ ይመስለኝ ነበርና። ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል።

እዚያ ቆላ ውስጥ አክስቴ ትኖራለች። የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ቤቷ ከገደሉ አፋፍ ግማሽ ቀን ቁልቁል ወርዶ፣ ሸለቆው መደብ ሠርቶ ትንሽ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው፤ ከዚያ በታች እንደገና ገደል፣ ከዚያም ዓባይ። ማሽላ ትዘራለች፣ በርበሬ አላት፣ ከቤቷ ጀርባ ሁለት የሎሚ ዛፍ አላት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። አንድ ልጅ ነበራት፤ የእኔ እኩያ ነው። ትምህርት ቤት ሲገባ ወደ ቢቸና ወጥቶ እኛ ቤት ተቀመጠ፤ አንድ መደብ ላይ፣ በአንድ ጋቢ ነው ያደግነው። ልጁ ብርድ አይችልም። ጥቅምት ሲገባ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ጋቢውን ጠቅልሎ ይወስድብኛል፤ እኔ ስቤ እወስድበታለሁ፤ እሱ ይስባል፤ እናቴ ሁለታችንንም ትመታናለች። «የእናንተ አገር በረዶ ቤት ነው» ይለኝ ነበር። ስድስተኛ ክፍል ጨርሶ «ከዚህ በላይ ብርድ አልማርም» ብሎ ወደ እናቱ ወረደ። ንዳድ ይዞት በሳምንት ውስጥ ሞተ። እዚያው ቆላ፣ ከትንሿ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ፣ ከአባቱ ጎን ተቀበረ። ፈረንጆቹ ሲመጡ ከሞተ አራተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር።

አክስቴ ኑሮዋ ያ መቃብር ነበር። እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እሷ በባሏና በልጇ መካከል ባለችው ቦታ ላይ ቁጭ ትላለች። ሳምንቱን በሙሉ ትነግራቸዋለች። ዝንጀሮ ማሽላውን እንደበላ፣ የጎረቤት ላም እንደወለደች፣ ማን ከማን እንደተጣላ። አታለቅስም፤ ታወራለች። «ከሁለቱ መካከል ነው የምትቀብሩኝ፤ ቦታዬን እያሞቅሁት ነው» ትለን ነበር እየሳቀች።

ከጥምቀት በፊት ባለው ሳምንት ለሥራ ወደዚያ ወረድን። ፈረንጆቹ ባለ ሦስት እግር መነጽራቸውን ተክለው፣ ቁጥር የተጻፈበት ረጅም እንጨት ወዲያ ማዶ አስይዘው ያዩ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ጉድጓድ አስቆፈሩ። አሸዋና ሲሚንቶ አቡክተው አንድ የጉልበት ያህል የሚቆም ድንጋይ ተከሉ፤ አናቱ ላይ የነሐስ ቁራጭ አስቀመጡበት፤ ነጭ ቀለም ቀቡት። መሐንዲሱ ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጻፈና ወደ ሌላው ኮረብታ ሄደ። እኔ ከሰዉ ጋር ቀረሁ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉኝ።

እኛ አገር ድንጋይ ቆሞ ከተተከለ ድንበር ነው። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ካህን ቆሞ፣ ተማምሎ ይተከላል፤ ከዚህ ወዲህ የእኔ፣ ከዚያ ወዲያ ያንተ ነው። ሌላ ምክንያት ኖሮት የሚተከል ድንጋይ እኔ አላውቅም፤ አባቴም አያውቅም፤ አያቴም አያውቅም ነበር። ርስት ባለበት አገር የተወለደ ሰው ነጭ ድንጋይ መሬት ውስጥ ቆሞ ሲያይ ሌላ ነገር አያስብም። መሐንዲሱ ገና ሩቅ አልሄደም ነበር። ጮክ ብዬ ብጠራው ይሰማኝ ነበር። አልጠራሁትም። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩና፣

«የውሃው ድንበር ነው» አልኩ። «እስከዚህ ይሞላል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የውሃ ነው።»

ያን ቀን ማንም አልሳቀም። ሰዎቹ ድንጋዩን ዞረው አዩት፤ ከዚያ ወደ ታች አዩ። ቤታቸውን፣ ማሳቸውን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ሣር ክዳን። ለመጀመሪያ ጊዜ አመኑኝ። ነገሩን በድንጋይ ነገርኳቸዋ!

አክስቴ ከሰዉ ኋላ ቆማ ነበር። ሰዉ ሲበተን ቀረብ አለችኝ።

«ቤተ ክርስቲያኑስ?» አለችኝ።

«ከድንጋዩ በታች ነው፣ እትዬ።»

«መቃብሩስ?»

«እሱም።»

«መቼ ነው?»

አላውቅም ነበር። ማንም አልነገረኝም። «በቅርብ ነው» አልኩ፣ ሰው ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ መልስ መስጠት ስለለመደብኝ።

ነጠላዋን በአፏ ያዘች። «እንግዲህ ይነሣሉ» አለች። «ልጄንና ባሌን አሣ አይበላቸውም። ቢቸና ደብር ወስደን እናሳርፋቸዋለን።»

አጽም ማፍለስ በእኛ ዘንድ ያለ ነገር ነው፤ ግን እንዲህ በዋዛ አይሆንም። ሁለት እንቅፋት ገጠማት። አንደኛው የባሏ ወንድሞች ናቸው። «ልጁን ውሰጂ፤ የሆድሽ ፍሬ ነው። ወንድማችን ግን የትም አይሄድም» አሏት። «አጽሙ እዚህ እስካለ ርስቱ የእኛ ነው። አጽሙ ከወጣ ነገ ማን የማን ልጅ ነህ ይለናል? ውሃ ቢመጣም ከውሃው ሥር ሆኖ ርስታችንን ይጠብቅልን።» ብትለምናቸው፣ ብታለቅስባቸው፣ ሽማግሌ ብትልክባቸው ወይ ፍንክች!

ሁለተኛው የንስሐ አባቷ ናቸው። ሽማግሌ ቄስ ናቸው፤ ጢማቸው እስከ ደረታቸው የወረደ። «ልጁ ከሞተ ገና አራተኛ ዓመቱ ነው። ሰባት ዓመት ሳይሞላው አላስነሣም» አሉ። «ሥጋውና አጥንቱ በቅጡ ሳይለያይ ምን ብዬ እነካዋለሁ?» አክስቴ እግራቸው ላይ ወደቀች። አልሆነም። ከዚያ ወደ እኔ መጣች። «አንተ እኮ የመንግሥት ሰው ነህ» አለችኝ። «እባክህ ንገርልኝ። ባሌን ከለከሉኝ፤ ልጄ ብቻ ነው የቀረኝ።»

ሄድኩ። ጃኬቴን ለብሼ፣ ወረቀት ይዤ ሄድኩ። ወረቀቱ የአንድ ሳጥን ዕቃ ዝርዝር ነበር፤ ቄሱ እንግሊዝኛ አያነቡም።

«አባ» አልኳቸው፣ «ይኼ የእኔ ቃል አይደለም። የመንግሥት ትእዛዝ ነው። ከድንጋዩ በታች ያለ አጽም መነሣት አለበት። እምቢ ካሉ እርስዎ ይጠየቁበታል።»

ቄሱ ወረቀቱን ዘቅዝቀው ያዙት፤ ማኅተም ፈለጉበት። ብዙ አዩኝ። «መንግሥት ካለ እኔ ማን ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «ከፆሙ በፊት ባለው ቅዳሜ ይነሣል።» እኔ እንዴት ደስ እንዳለኝ! አክስቴን ያዳንኩ፣ ቄስ ያሸነፍኩ፣ ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። እሷም አገላብጣ ሳመችኝ።

ያ ቅዳሜ በሚውልበት ሳምንት መሐንዲሱ ሞጣ ወዳለው ሌላ ድንኳን ይዞኝ ሄደ። እዚያም ያው ሥራ ነው፤ መነጽር፣ እንጨት፣ ደብተር። ሞጣን ወደድኳት። አዲስ ቦታ ሁሉ ደስ ይለኝ ነበር፤ ሦስት ቀን እስክቆይበት ድረስ። በአራተኛው ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት ነው፣ ከተማው ዳር ሜዳው ላይ እየዞርኩ ሳለሁ አንድ ነገር አየሁና እግሬ ቀጥ አለ።

ነጭ ድንጋይ። ጉልበት የሚያህል፣ አናቱ ላይ ነሐስ ያለበት፣ ቁርጥ ያንኑ። ሞጣ ሜዳ ላይ! ደጋ ላይ! ዓባይ ከዚያ የት ነው? ገደሉን ለመውረድ ብቻ ቀኑ አይበቃም። እዚህ ድረስ ውሃ ከሞላ ጎጃም የሚባል አገር የለም፤ የኖኅን መርከብ ነው መሥራት።

ሮጥኩ። መሐንዲሱ ድንኳኑ ውስጥ ጢሙን እየተላጨ ነበር። ትንፋሼ እየተቆራረጠ፣

«ውሃው እስከዚህ ይመጣል?» አልኩት።

«የትኛው ውሃ?»

«የግድቡ! ድንጋዩ አለ! ሜዳው ላይ!»

ፊቱ በሳሙና እንደተሸፈነ አየኝ። ከዚያ ሳቀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ድንጋዩ ከፍታ የሚያዝበት ነው አለኝ። ይኼ ቦታ ከባሕር ወለል በላይ ምን ያህል እንደሆነ ይለካል፣ ቁጥሩ ደብተር ላይ ይጻፋል፣ ሌላ ጊዜ ሲመጡ ከዚያ ቁጥር ይነሣሉ። በቃ። ውሃ እስከዚህ ይመጣል ማለት አይደለም፤ ምንም ማለት አይደለም።

«ከቢቸና በታች ያለውስ? ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው?»

«እሱም ያው ነው። ግድቡ ቢሠራ እንኳ ውሃው ከዚያ በጣም ታች ይቀራል። ቤተ ክርስቲያኑን አይነካውም።» ምላጩን አነሣ። «ደግሞ ግድቡ መሠራቱንም ገና ማንም አያውቅም። እኛ የምንለካ ነን።»

ሐሙስ ነበር። አጽሙ የሚነሣው ቅዳሜ ነው። ጂፑን ለመንኩት፤ ጂፑ ሌላ ቦታ ሄዷል። አክስቴ ታማብኛለች ብዬ ዋሸሁ፤ መዋሸት እንደሆነ ለምጄዋለሁ። በቅሎ ተውሼ በዚያው ሰዓት ተነሣሁ።

ያን መንገድ መቼም አልረሳውም። በቅሎዋ የሰው ናት፤ እንዳልመታት እፈራለሁ፤ በራሷ እርምጃ እንዳልተዋት እቸኩላለሁ። ወርጄ እሮጣለሁ፣ ይደክመኛል፣ እወጣለሁ፣ እሷ ትቆማለች። ዓርብ ማታ ጉንደ ወይን አንድ ቤት ማደሪያ ሰጡኝ። የቤቱ እመቤት እንጀራ አቀረቡልኝና አንድ ጉርሻ ወስጄ ተውኩት። «ምነው ልጄ፣ ሙሽራ ልታመጣ ነው እንዴ የምትቻኮለው?» አሉኝ። «የሞተ ሰው ልደርስበት ነው» አልኳቸው። አማተቡ። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ቢቸናን ሳላቆም አልፌ ወደ ገደሉ አፋፍ ወረድኩ። ገና አላነሡት ይሆናል እላለሁ ለራሴ። ቄሱ አሟቸው ይሆናል። ዝናብ ጥሎ ይሆናል። በየካቲት!

አፋፉ ላይ ስደርስ መዝሙሩን ሰማሁት።

ከሥር እየወጡ ነበር። ከፊት መስቀል የያዘ ዲያቆን፣ ጥላ፣ ከዚያ ቄሱ፣ ከዚያ አራት ሰዎች በነጭ ሸማ የተጠቀለለች ትንሽ ሣጥን ይዘው። ያን ረጅም ልጅ ያቺ ሣጥን በቅታው ነበር። ሸማዋ ላይ የቆላ ቀይ አቧራ ተነስንሶባታል። ከኋላ አክስቴ። ሽቅቡ አድክሟት ጉልበቷን ይዛ ቆማ ነበር፤ ቀና ብላ አየችኝ። አበራች። ፊቷ አበራ! ልጇ ከሞተ ጀምሮ እንዲያ ሆና አይቻት አላውቅም።

«መጣህልኝ!» አለች። «ከሞጣ ድረስ! ወንድምህን ልትሸከም መጣህልኝ! ውሃው ሳይቀድመኝ አወጣሁት እኮ!»

አፌን ከፈትኩ። እላለሁ ብዬ ነበር፤ ሁለት ቀን ሙሉ በቅሎዋ ላይ ሆኜ ስለማመደው የመጣሁት ቃል ነበረኝ። እዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ቄሱ ፊት፣ እሷ እንዲያ እያበራች፣ «ተሳስቻለሁ፤ መልሱት» ልበል? አላልኩም። ፈሪ ነበርኩ። አንዱ ሰውዬ ደክሞት ጫፉን ለቀቀልኝ፤ እኔ ትከሻዬን ሰጠሁ። ቀላል ነበር። ጋቢ ስንጓተት እንኳ ከዚያ ይከብደኝ ነበር። ቢቸና ደብር ቅጥር ውስጥ አሳረፍነው።

አክስቴ ከልጇ አልለይም ብላ አባቴ ቤት ቀረች። የሎሚ ዛፎቿን ለባሏ ወንድሞች ተወችላቸው። ደጋው ግን አልተስማማትም፤ ሁለት ጋቢ ደርባ ፀሐይ ስትከተል ትውላለች። በየቀኑ መቃብሩ ጋ ትሄዳለች፤ ከዚያ ገደሉ አፋፍ ድረስ ተራምዳ ወደ ታች ታያለች። ባሏ እዚያ ነው። ሲሰጥም ላየው ብላ ነው። ማታ እራት ላይ ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነበር።

«ውሃው የት ደረሰ?»

«ገና ነው፣ እትዬ።»

«ዛሬም ጣሪያው ይታየኛል። ምስኪን፣ ብቻውን እየጠበቀ።»

ተነሥቼ እወጣለሁ። ድሮ እረፍት የማጣው አዲስ ቦታ እያማረኝ ነበር፤ አሁን እሷ የሌለችበት ቦታ አጥቼ ነው። እናቴ «ይኼ ልጅ ብሶበታል» አለች።

ክረምት ሊገባ ሲል ፈረንጆቹ ድንኳን ነቀሉ። መሐንዲሱ ጠራኝና ደብዳቤ ሰጠኝ። ወደ ታች፣ ወንዙ ወደሚሄድበት፣ ወደ ምዕራብ አብሬያቸው እንድሄድ ነው። ከዚያም አዲስ አበባ፤ ከዚያም፣ ጎበዝ ከሆንኩ፣ ትምህርት። ሕልሜ ሁሉ በአንድ ወረቀት! ሰኞ ጠዋት መኪናው ይነሣል። ደብዳቤውን ደረቴ ላይ ባለው ኪስ ከተትኩት፤ ያቺ ኪስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚረባ ነገር ያዘች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መቃብሩ አጠገብ አገኘኋት። ሳልናገር መሄድ እችል ነበር። ሞክሬአለሁ፤ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ «ዝም ብለህ ሂድ» ስለው የዋልኩት ልቤ እምቢ አለኝ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። ድንጋዩን፣ ሞጣን፣ የውሸት ወረቀቱን፣ አፋፉ ላይ አፌ መያዙን።

አላቋረጠችኝም። ሲያልቅ፣

«ፈረንጁን ጠይቀኸው ነበር? ድንጋዩን የተከለ ቀን?» አለችኝ።

«አልጠየቅሁትም።»

«ለምን?»

«አፈርኩ።»

«አፈርክ» አለች። ወደ መቃብሩ ዞረች። «ሰማህ? አፍሮ ነው አሉ።» ከዚያ ድምጿ ተሰበረ። «ብርድ አይወድም ነበር እኮ! ታውቃለህ እኮ፣ አንተ አብረኸው የተኛኸው! ከአባቱ ጎን፣ ሙቀቱ ውስጥ ተኝቶ የነበረውን ልጄን!» ደረቴን በሁለት እጇ መታችኝ፤ ደብዳቤው ያለበት ኪስ ላይ ነበር የምትመታው፣ ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። ባትመታኝ ይከፋኝ ነበር።

ያኑ ዕለት ቁልቁል ሮጬ ወርጄ ቄሱ እግር ላይ ወደቅሁ። መልሰን እናውርደው አልኳቸው። ቄሱ በቁጣ ተንቀጠቀጡ። «የፈረንጆቹ ድንኳን መሰለህ እንዴ የሚነቀልና የሚተከል? አንዴ ዋሽተህ ያለጊዜው አስነክተኸኛል፤ ለእሱ ንስሐ እስክሞት አይበቃኝም። ሁለተኛ አልነካውም! ሌላም ካህን እንዳይነካው አወግዛለሁ!» እውነት ነበራቸው።

ሰኞ ማለዳ ተመልሼ ቤት ስደርስ አክስቴ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር። ጋቢዎቹን አውልቃ አጣጥፋ መደቡ ላይ ትታቸዋለች። ዘንጓን ይዛለች። ዓይኗ አብጧል፤ ድምጿ ግን ደርቆ ነበር።

«እኔ ወደ ባሌ እወርዳለሁ» አለች። «ከሁለት አንዱ ጋ ነው መሆን የምችለው፤ እሱ ደግሞ ማንም የለውም። ይኼኛውን ያመጣኸው አንተ ነህ። አንተ ትጠብቀዋለህ።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ዛሬ...»

«ደብዳቤውን አውቃለሁ። እናትህ ነግራኛለች።» ጃኬቴን ከአንገት እስከ ወገብ አየችው። «ያስነሣኸውን ሰው ባዕድ አገር ብቻውን ጥለኸው መሄድ ከቻልክ ሂድ። አልረግምህም።»

ብትረግመኝ ኖሮ እሄድ ነበር፤ እልህ ይዞኝ እሄድ ነበር። አልረገመችኝም። ዘንጓን እያንኳኳች በገበያው በኩል ወደ አፋፉ ስትወርድ ቆሜ አየኋት። መኪናው ሜዳው ላይ ሞተሩን አስነሥቶ ነበር። ሄጄ ለመሐንዲሱ ደብዳቤውንም ጃኬቷንም ሰጠሁት። ጃኬቷን ያዛት አለኝ፤ እምቢ አልኩ። መኪናው ሄደ።

የቢቸና ትምህርት ቤት መምህር ሆንኩ፤ እዚያው ጡረታ ወጣሁ። ግድቡ እኛ ቆላ አልመጣም። ከብዙ ዓመት በኋላ ተሠራ ሲባል፣ ሌላ ቦታ ነው፣ ከእኛ እጅግ ርቆ፣ ጠረፍ ላይ፤ ሕዝቡ ተደሰተ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ለብቻዬ ትንሽ አለቀስኩ። ነጩ ድንጋይ ዛሬም አለ። ቀለሙ ለቋል፣ ነሐሱን ሰው ነቅሎታል፤ እረኞች ይቀመጡበታል። አክስቴ እዚያ ታች ብዙ ዓመት ኖረች። ሰው በወጣ ቁጥር ሎሚ ትልክልኝ ነበር፤ አንድ ቃልም አብራ ትልካለች፤ «ልጄ እንዴት ነው?» እኔም «ደህና ነው በሏት» እላለሁ። ባሏ ጎን ነው የተቀበረችው። ከሁለቱ መካከል የነበረችው ቦታ ላይ፤ በወዲያኛው በኩል ግን ባዶ ነው።

እግሬ ዛሬ አርፏል፤ ሪህ ይዞት ነው እንጂ ወዶ አይደለም። ቢሆንም ጥቅምት ሲገባ ጋቢዬን ደርቤ ደብሩ ድረስ እሄዳለሁ። ሣሩን እነቅላለሁ፤ ማን እንደወለደ፣ ማን ከማን እንደተጣላ እነግረዋለሁ። አጠገቡ ያለውን ቦታ ለራሴ ለምኜ ይዣለሁ። በምሥራቅ በኩል ነው፣ ነፋሱ በሚመጣበት።